መጋረጃ ብቻ

መብራት ዛሬም ሄደ፤ ኩማና ጨለመች፣
ባሕሯ ብቻ ቀረች እያጉረመረመች።
ስልኬን ከዊልመር ቤት፣ ከሞተሩ ባትሪ
ሞልቼ ስመለስ፣ «አንቺ በነጻ ሠሪ፣
ሌሊቱን በሙሉ ምን ትጠብቂያለሽ?»
«ቲማቲም» አልኩትና ሄድኩ።
«ኔሬይዳ፣ አብደሻል? ወይስ ትቀልጃለሽ?»

አልቀለድኩም። አምና፣ ዱቄት ሲጠፋ፣
ሦስት ቶክን ከፍዬ በብሎክቼይኑ ላይ አንድ በር ከፈትኩኝ፤
«በጣሳ፣ በባልዲ አትክልት ያላችሁ፣ ኑና አሳዩኝ» አልኩኝ።
መጡ። ከካሩፓኖ፣ ከካራካስ፣ ከዚያም ባሻገር፣
ከሙዝ ልጣጭ ማዳበሪያ፣ ከበረንዳ ቃሪያ ጋር።
አራት መቶ ሆንን።
አንዱ ሌላውን ሲያደንቅ ድምፁ ሳንቲም ትሆናለች፣
ሳንቲሟም፣ ወር ከጠበቋት፣ ዱቄት ትገዛለች።
ረሃብ ባለበት ቤት አይጠፋምና ሌባ፣
ያንዲት ሴት ፓፓያ በአምስት ስም ገባ።

የኔ ሥልጣን ይህች ናት፦ መጋረጃ መጋረድ፤
ላጲስ የለኝ፣ መቀስ የለኝ፣ እሳት የለኝ የሚነድ።
የተጻፈው ሁሉ፣ ቀለበት በቀለበት ታስሮ፣
በሺህ ኮምፒዩተር ሆድ፣ ከሴኡል እስከ ኦስሎ፣ ይኖራል ተቀብሮ።
ተቀብሮ እንኳ አይደለም፤ ቆሞ ነው የሚኖር፤
እኔ በሬን ብዘጋ፣ በጎረቤት መስኮት ይታያል ያ ነውር።

ደግሞ ዓሣ ነባሪ አለ። አገሩ የማይታወቅ፣
አንዲት ቃል ጽፎ የማያውቅ፣
ዋሌቱ የሞላ። ሌባውን በአንድ ጣት ወደ ላይ ሲያነሳው
የኛ አራት መቶ ድምፅ፣ የሰርዲን መንጋ ነው፤ ማዕበል በላው።
«ለምን?» ብዬ ጻፍኩለት።
ምናልባት ሰው አይደለም። ምናልባት ሰዓት የሞሉት
ፕሮግራም ነው፤ ማን ያውቃል፣ ባለቤቱም ረስቶት።

ይህንንስ ቻልኩት። ያቃተኝ ኤውዶማር ነው።
ዓሣ አጥማጅ፣ ዝምተኛ፤ ቃሪያው ደግሞ የሚያስቀና ነው።
አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ በጀልባ ሞተር ሰበብ ከወንድሙ ሚስት ተጣልቶ፣
የቤልኪስን ዕዳ፣ የቤልኪስን ሕመም፣ የቤቷን ቁጥር ሳይቀር
በቲማቲማችን መሃል እንደ እርጥብ ልብስ ዘርግቶ
ተኛ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሳየው መጋረጃዬን ጣልኩኝ፤
ሰማንያ ሰው ግን ድምፁን ሰጥቶ ቀደመኝ።
በዚያ ሳንቲም ዳቦ ሳይገዛ አልቀረም። እሱም አልነገረኝ።

በሦስተኛው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። ኮፍያው በእጁ፣
ሁለት ዓሣ በፌስታል። «ታረቅን፤ አጥፊልኝ» አለ፣
«ማንበብ ጀምራለች ልጇ።»
«አልችልም።»
«ዘበኛ አይደለሽም?»
«ነኝ።»
«ታዲያ?»
የአፍ ወለምታ እንኳን በቅቤ አይታሽም፣
የጣት ወለምታ ደግሞ ወጌሻ አያውቅም።
ቁልፉ የራሱ ነበር፤ የፈረመውም እሱ።
ደግሞስ ይህን በር የወደድነው፣ «ማንም አፋችንን አይዘጋም፣
ማንም አይፍቀንም» ብለን አልነበረም?
ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን ያዞራል።
ዓሣውን ተቀበልኩ። አላፍርም፤ ርቦኝ ነበር።

ይቅርታውን ጻፈ። ረጅም፣ ፊደሉ የተንሻፈፈ።
ሦስት ድምፅ አገኘ። አንዱ የኔ ነው።

ትናንት ቤልኪስ ገባች። በራሷ ስም፣ በአዲስ ቁልፍ፣
በቀለም ጣሳ ላይ አንዲት ቃሪያ ይዛ፤ ገና አረንጓዴ፣ የጥፍር ያህል።
ሌላ ምንም አላለችም። «የመጀመሪያዬ ናት» ብቻ።
ወዲያው ከሥሯ አንዱ የዚያን ሌሊት ጽሑፍ አምጥቶ ለጠፈ።
ጋረድኩት።
ሌላው ለጠፈ።
ጋረድኩት።
አንዱ «አፋኝ» አለኝ፤ እሱን ተውኩት፣ መብቱ ነው፣
ስድብ ለኔ ከሆነ መጋረጃው ሌላ ጉዳይ አለው።

ለቃሪያዋ ድምፄን ሰጠሁ፤ ያቺኑ የሰርዲን ድምፅ።
ባትሪው አራት ከመቶ ነው። መብራት የለም።
ዊልመር ግድግዳውን መታ፦ «ኔሬይዳ! ነጋ እኮ!»
«ቆይ» አልኩት፣
«አንድ መጣ ደግሞ።»